የአርባ ቀን ዕድልና የሰው ፈቃድ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ቦንጋ ላይ ሆኖ ማንበብ

«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለውን ቃል ያልሰማ፥ ሰምቶም በአፉ ያልደገመ ሰው በአገራችን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀንዋ ክርስትና ሲነሡ የዕድሜ ልክ ኑሮአቸው በዚያው ቀን ተጽፎ ያበቃል ከሚል እምነት የመጣ አነጋገር ይመስላል። ነጋዴው ሲከስር፥ ተማሪው በፈተና ሲወድቅ፥ ባለትዳሮች ሲለያዩ በዚሁ ቃል ይጽናናሉ። ቃሉ ለተጎዳ ሰው መጽናኛ ሆኖ ሲያገለግል ነውር የለበትም። ነገር ግን ጎጂው ራሱ ስለ ተጎጂው ሲጠየቅ «ዕድሉ ነው፤ ምን ይደረግ» ብሎ ቢመልስ ምን እንላለን? ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የሰው ጠባይና አካሄድ የሚወሰነው በገዛ ፈቃዱ ነው ወይስ ከውጭ በሚጫኑት ኃይሎች? የሚለው ክርክር እጅግ ጥንታዊ ነው። በእኛም አገር ሁለቱም ወገኖች ጠበቃ አላቸው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን መጽሐፈ ሲራክን ጠቅሰው፥ እሳትና ውሃ በፊታችን እንደ ቀረቡልንና እጃችንን ወደ ወደድነው መስደድ የእኛ ድርሻ እንደ ሆነ ያስተምራሉ። ይህንኑ ትምህርት ሰምቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ምእመን ግን ማታ ስለ ጎረቤቱ ልጅ ሲያወራ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። በሌላውም ዓለም ክርክሩ ያው ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ የኖረው ፈላስፋ ስፒኖዛ፥ የተወረወረ ድንጋይ ማሰብ ቢችል ኖሮ በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ይመስለው ነበር ሲል ሰውን በድንጋይ መስሎአል። እኔ ይህን ክርክር ለመዳኘት ዐቅሙም ሥልጣኑም የለኝም። ነገር ግን ብዙዎቻችን ያነበብነውን አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ይዤ ነገሩን ስመረምር፥ ምናልባት ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ሆኖ ቀርቦልን ይሆናል የሚል ሐሳብ አደረብኝ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

የጎጃምን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ከቦንጋ ጋር ምን አገናኘው? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ደራሲው በጠላት ወረራ ዘመን በራስ እምሩ ሥር ከዘመቱት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በኢጣልያ ጦር ተከበው እጃቸውን የሰጡት፥ ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚመጣ መንገደኛ በሚሻገረው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ነው። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወስደው ብዙ ዓመት በግዞት ቆይተዋል። ይሁንና መጽሐፉን በደራሲው የእስር ታሪክ ለመተርጎም አልፈልግም፤ መጽሐፉ ራሱን ችሎ ይናገራል። ከቦንጋ ጋር የሚያገናኘው ዋናው ነገርም ይህ አይደለም፤ እርሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ካነበበው ወዲህ መጽሐፉን ፊደል የማያውቀውም ሰው ሰምቶታልና፥ ታሪኩን ለማስታወስ ያህል ብቻ ባጭሩ ልናገር።

ማንኩሳ የሚኖሩት ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ በዛብህን ይወልዳሉ። የልጁ ሕይወት አላስተማምን ሲላቸው፥ ቢያድግላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት፥ እርሱም ትዳር ሳይዝ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ሊኖር ይሳላሉ። በዛብህ አድጎ፥ ተምሮ፥ ቅኔ ዐዋቂ ይሆናል። በኋላም ዲማ ከሚኖሩት ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያስተምራል። አስተማሪና ተማሪ ይዋደዳሉ። ልጅቱ የባላባት ልጅ፥ እርሱ የድኻ ልጅ፥ ያውም በስእለት የታሰረ ነው። ምስጢሩ ሲወጣ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ፍለጋ ትወጣለች፤ የምታገኘው ግን በመንገድ ላይ ወንበዴዎች አቁስለውት ሊሞት ሲቃረብ ነው። መጨረሻቸውም የመጽሐፉ ስም እንደሚለው መቃብር ነው።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነበው እንደ ዕድል መጽሐፍ ነው። መምህራን ሲያስተምሩት፥ ባልንጀሮቻችን ሲያወሩት የምንሰማው «በዛብህ ገና በእናቱ እቅፍ ሳለ ዕጣው ወጥቶ ነበር፤ ቢታገልም አላመለጠም» የሚል አስተያየት ነው። የግሪኩን ደራሲ የሶፎክሊስን ኤዲፐስ የሚያውቁ ሰዎችም ሁለቱን ያመሳስሉአቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በኤዲፐስ ታሪክ ውስጥ ትንቢት አለ። አባቱን ገድሎ እናቱን እንደሚያገባ የሚናገረው ከሰው በላይ የሆነ ድምፅ ነው፤ ወላጆቹም ሕፃኑን የጣሉት ከትንቢቱ ለማምለጥ ነው። በበዛብህ ታሪክ ግን ትንቢት የለም። ከሰማይ የመጣ ቃልም የለም። ያለው አንድ እናትና አንድ አባት በጭንቀት ሰዓት ያፈለቁት ስእለት ነው። ስእለቱን ያሰቡት ሰዎች ናቸው፤ የተናገሩት ሰዎች ናቸው፤ እንዲጠበቅ የሚቆጣጠሩትም ሰዎች ናቸው። ከፍቅር የመነጨ መሆኑ የማይካድ ነው። ነገር ግን የራሳቸውን ሕይወት አልተሳሉም፤ ለመስማማትም ሆነ ለመቃወም አንደበት ያልነበረውን የሌላ ሰው ሕይወት ተሳሉ እንጂ። ስለዚህ በዛብህ «ዕድሌ» የሚለው ነገር በእውነቱ የወላጆቹ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ሰንሰለት፥ ማለት የድኻ ልጅ የባላባት ልጅ አያገባም የሚለው ልማድ፥ እንደዚሁ ነው። የጻፈው መልአክ አይታወቅም፤ የሚጠብቁት ፊታውራሪ መሸሻ ግን በስምና በማዕረግ ይታወቃሉ።

የመጽሐፉ ትልቅነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1900 ዓ.ም. በታተመው በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ሰዎቹን ከመከራ ወደ ደስታ የሚያሻግራቸው ከሁሉ በላይ የአምላክ ቸርነትና የደጋግ ሰዎች ርኅራኄ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ዐይናችንን ከሰማይ ወደ ምድር አወረዱት። ሰውን የሚያስረው ማነው? ብለን ስንጠይቅ ሰውን ያሳዩናል።

ይህ ማለት ግን በዛብህ ጠላቱን ከውጭ ብቻ ያገኘዋል ማለት አይደለም። ደራሲው ከዚህም ጠልቀው ሄደዋል። ስእለቱን የተሳሉለት ወላጆቹ ባጠገቡ ባይኖሩም ስእለቱ በልቡ ውስጥ ይናገራል። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚከስሰው ጎረቤት ብቻ ሳይሆን የገዛ ኅሊናው ነው። ከውጭ የመጣ ኃይል እንዲህ ውስጥ ገብቶ በራሳችን ድምፅ ሲናገር፥ የእኛ የትኛው፥ የሌላው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። የስፒኖዛ ድንጋይ ምሳሌ የሚሠራው እዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በኋላ ግን በዛብህ ከድንጋይ ይለያል፤ ምክንያቱም ድምፁን ሰምቶ ይጠይቀዋል፤ ይሟገተዋል፤ አንዳንድ ጊዜም አልታዘዝም ይለዋል። ድንጋይ የወረወረውን እጅ ሊጠይቅ አይችልም። የሰው ነፃነት ጠባብ ቢሆንም የሚገኘው በዚህች ጥያቄ ውስጥ ይመስለኛል።

አሁን ፊታውራሪ መሸሻን እንይ። ላይ ላዩን ሲታዩ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ እርሳቸው ነፃ ሰው የለም፤ የሚያዝዙ እንጂ የሚታዘዙ አይደሉም። ነገር ግን ልብ ብለን ስንመለከታቸው ከሁሉ የባሰ እስረኛ ናቸው። ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ ከዘራቸው እያነጻጸሩ ሲመልሱ የልጅቱ ዕድሜ ያልፋል፤ የሚወዱዋትን ልጅ በክብራቸው ይቀብሩዋታል። ታዲያ እርሳቸውም የልማድ እስረኛ ከሆኑ በምን እንወቅሳቸዋለን? መልሱ በአቅም ልክ ነው። ሁሉም ሰው የታሰረ ቢሆንም የገመዱ ርዝመት እኩል አይደለም። በዛብህ ከገመዱ ለመውጣት ቢሞክር ሕይወቱን ይከፍላል። ፊታውራሪ ግን አንድ ቃል ቢናገሩ በቂ ነበር። ለመለወጥ ብዙ አቅም ያለው ሰው ብዙ ይጠየቃል፤ ጥቂት ያለው ጥቂት ይጠየቃል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ጉዱ ካሣ ነው። ልማድ ሰው የሠራው ነገር ስለ ሆነ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል ብሎ በግልጽ የሚከራከር እርሱ ነው። አገሩ ግን «ጉዱ» የሚል ቅጽል ሰጥቶ እንደ እብድ አስቀመጠው። አንባቢ ይህን ልብ ሊለው ይገባል፤ አንድ ማኅበር ነፃ ፈቃድ ያለውን ሰው ሲያይ የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ እብደት ነው። ይሁን እንጂ የጉዱ ካሣ ነፃነት ኃይል የለውም። ይናገራል እንጂ አያስለውጥም። በአንጻሩ የፊታውራሪ ባላገሮች ከልማድ ውጭ የተጨመረባቸውን ግብር አንገብርም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ሲነሡ፥ ትላንት «ባላገር ተፈጥሮው መታዘዝ ነው» ይባል የነበረው ነገር በአንድ ቀን ሐሰት ሆኖ ይገኛል። ከዚህ የምንማረው፥ ለአንድ ሰው ብቻ ዕድል የሚመስለው ነገር ብዙ ሰዎች ባንድነት ሲጠይቁት ልማድ ሆኖ እንደሚገኝ ነው።

ሂስ ምስጋና ብቻ ሊሆን አይገባምና፥ በመጽሐፉ ላይ ያለኝን ቅሬታም ልናገር። በዛብህን የሚገድሉት ወንበዴዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስእለቱን አያውቁም፤ ፊታውራሪንም አያውቁም፤ የፈለጉት ንብረቱን ነው። ደራሲው ልማድን በዚያ ሁሉ ገጽ ከከሰሱ በኋላ ፍርዱን ለአጋጣሚ አሳልፈው በመስጠታቸው ተከሳሹ በነፃ የተለቀቀ ይመስላል። አንባቢውም መጽሐፉን ዘግቶ «አይ ዕድል!» ለማለት በር ተከፈተለት። በእርግጥ «ወንበዴ ካለበት መንገድ ላይ ማን አወጣው? በሰላም ቢጋቡ ኖሮ መች ይንከራተት ነበር?» ብሎ ለደራሲው መከራከር ይቻላል። ክርክሩ እውነት አለበት። ነገር ግን ይህን የሚያገናዝበው ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ነው። ያልተገናዘበው ብዙ ስለ ሆነ፥ የጉዱ ካሣ ትምህርት በመቃብሩ ለቅሶ ተሸፍኖ እንደ ቀረ ይሰማኛል።

እንግዲህ ወደ ቦንጋ ልመለስ። በካፋ ምድር ከጥንት ጀምሮ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ይኖራሉ። የሚናገሩት ቋንቋ እንደ ጎረቤቶቻቸው ካፊኖኖ ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን፥ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስከ ተማረኩበት እስከ 1890 ዓ.ም. ድረስ፥ የግዛቱን በሮች ከሚጠብቁት መካከል ነበሩ። ሆኖም የአገሩን በር የሚጠብቀው ሰው የጎረቤቱን ደጃፍ ተሻግሮ መግባት አይፈቀድለትም ነበር። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሲገጥመው ዞር ብሎ ያሳልፍ ነበር። ከሌላው ጋር አንድ ማዕድ አይቀርብም፤ ጋብቻማ የማይታሰብ ነው። ካፋ የቡና መገኛ ነው እያልን እንኮራለን፤ ቡና ደግሞ ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው ነው። በዚህ በቡናው አገር የማንጆ ሲኒ ግን ለብቻው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ዐዋጅ ለማንጆውም እንደ ሌላው ገበሬ መሬት የማግኘት መብት ሰጠ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በትውልዱ ሳይለይ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ። ልማዱ ግን እየሳሳ ቢሄድም ከየመንደሩ ፈጽሞ ጠፍቶአል ለማለት አልደፍርም።

ለዚህ ልማድ ሲሰጥ የቆየው ምክንያት ምን ነበር? «የዱር አውሬ ሥጋ ይበላሉ፤ ጫካ ይወዳሉ፤ ለነገ አያስቡም፤ ጠባያቸው ነው» የሚል ነው። ይህን ምክንያት በበዛብህ ታሪክ መስታወት ስንመለከተው የራሱን ጅራት የሚያሳድድ ውሻ ሆኖ እናገኘዋለን። የእርሻ መሬት የተነፈገ ሰው በጫካ፥ በአደን፥ በማገዶና በከሰል ካልኖረ በምን ይኖራል? በጫካ በመኖሩ ደግሞ «ተፈጥሮው የጫካ ነው» ይባላል። ተፈጥሮው የጫካ ስለ ሆነ መሬቱ፥ ማዕዱ፥ ጋብቻው ይከለከላል። መጀመሪያ ከውጭ ኃይል ጫንንበት፤ ቀጥሎ የኃይሉን ፍሬ አይተን «ፈቃዱ ነው» አልን፤ በመጨረሻም «ዕድሉ ነው» ብለን ተጽናናን። የተጽናናነው ግን እኛ ነን እንጂ እርሱ አይደለም።

በዚህ ነገር ከሌላው የተሻልሁ አለመሆኔን መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የገጠር ቀበሌ ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበትን ምክንያት እንድገልጽ ታዝዤ ባቀረብሁት ጽሑፍ ውስጥ «ማኅበረሰቡ ለትምህርት ያለው ፍላጎት በባሕርዩ ዝቅተኛ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ጻፍሁ። ጽሑፉ ተፈርሞበት፥ ማኅተም አርፎበት አለፈ። ቀበሌውን ሳላይ ነበር የጻፍሁት። በኋላ ለሌላ ሥራ ወደዚያው ስሄድ፥ ከክፍሉ በስተ ኋላ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ለብቻቸው የተቀመጡ ሦስት ልጆች አየሁ። አስተማሪው ዝቅ ባለ ድምፅ «ከሌሎቹ ጋር ካስቀመጥኋቸው የሌሎቹ ወላጆች ይቆጣሉ» አለኝ። በዚያች ሰዓት ፊታውራሪ መሸሻ ትዝ አሉኝ። እኔም ያለ ካባና ያለ ሎሌ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሰው ልጅ ዕድል ጽፌ ነበርና።

ከዚያም ወዲያ ያስተዋልሁት ነገር አለ። እነዚያ ሦስት ልጆች ለብቻ እንደሚቀመጡ እያወቁ በየጠዋቱ ረጅም መንገድ ተጉዘው ይመጡ ነበር። ነፃ ፈቃድ የት አለ? ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ አለ ብዬ እመልስለታለሁ። አስተማሪውም፥ እኔም፥ ወላጆቹም ከልጆቹ ይልቅ የልማድ እስረኞች ነበርን፤ ያውም ገመዳችን ከእነርሱ ገመድ እጅግ የረዘመ ሆኖ ሳለ።

«ሰውን የሚያደርገው አካባቢው ነው ካልን ወንጀለኛውም፥ ሰነፉም፥ ጉቦኛውም በአካባቢው አሳብቦ ያመልጣል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመጽሐፉ የተማርሁት መፍትሔ ሁለቱን ሚዛኖች አለማምታታት ነው። ስለ ራሴ ስፈርድ መጀመሪያ ፈቃዴን ልቁጠር፤ ስለ ሌላው ስፈርድ መጀመሪያ የተጫነውን ልቁጠር። ልማዳችን የዚህ ተቃራኒ ነው። የራሳችንን ጥፋት ስንናገር «ምን ላድርግ፥ ጊዜው ነው፤ የበላይ ትእዛዝ ነው» እንላለን። የሌላውን ጥፋት ስንናገር «ጠባዩ ነው፤ ዘሩ ነው» እንላለን። ለራሳችን የበዛብህን ሰንሰለት፥ ለሌላው የፊታውራሪን ነፃነት እንሰጣለን። ይህ ልማድ በአንድ ግለሰብ ላይ ሲሆን ድክመት ነው፤ በመምህርና በመንግሥት ሠራተኛ ላይ ሲሆን ግን የሰውን ኑሮ ያበላሻል፤ የእነዚህ ሰዎች አስተያየት በወረቀት ይሰፍራልና።

ስለዚህ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻቸውን «የበዛብህ ዕድል ምን ነበር?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «በዛብህ ዕድሌ ያለውን ነገር የወሰነለት ማነው?» ብለው ቢጠይቁአቸው መልካም ነው እላለሁ። ያን ጊዜ መጽሐፉ የጎጃም ባላባቶች ታሪክ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በካፋም፥ በሌላውም የአገራችን ክፍል ለየራሳችን የሚቀርብ ጥያቄ ይሆናል።

የአርባ ቀን ሕፃን እንኳን ዕድሉን ሊጽፍ ስሙንም አያወጣም። ታቅፎ የሚወስደው ሌላ ነው፤ ስም የሚያወጣለት ሌላ ነው፤ ከፍ ሲል በየትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስንለትም ሌላ ነው። የእግዚአብሔርን ጽሕፈት ማንበብ ለሰው አልተሰጠውም። እኛ የጻፍነውን ግን ማንበብ፥ ስሕተት ሆኖ ሲገኝም መሰረዝ እንችላለን። እኔም ያን ዐረፍተ ነገር የሚያርም ሌላ ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።